ስለ ጠመንጃና ስለሚይዘው ሰው

እግዚአብሔር ለፍጥረት ሁሉ ራሱን የሚጠብቅበትን ነገር አልነፈገውም። ለበሬ ቀንድ፥ ለጃርት እሾህ፥ ለንብ መንደፊያ፥ ለሚዳቋ ፈጣን እግር ሰጥቷል። ሰው ግን ቀንድም እሾህም ሳይኖረው ስለ ተወለደ፥ የጐደለውን በእጁ ሥራ እንዲሞላ አእምሮ ተሰጠው። በዚህም አእምሮ መጀመሪያ ዱላን፥ ቀጥሎ ጦርንና ቀስትን፥ በመጨረሻም ጠመንጃን አበጀ። ይሁን እንጂ በሬ በቀንዱ፥ ንብም በመንደፊያዋ ከተፈጥሮ ልክ አያልፉም፤ ለሰው መሣሪያ ግን ልክ የሚሰጠው የያዡ ልቡና ነው። እንግዲህ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፤ ሰው ራሱንና ቤተ ሰቡን ለመጠበቅ ጠመንጃ ሊይዝ ይገባዋልን? የሚገባውስ ከሆነ፥ ምን ዐይነት ሰው ሆኖ?

ጥያቄውን ያነሣሁት ለጨዋታ አይደለም። እኔ በሸርቆሌ ብዙ ዓመት አስተምሬ በጡረታ የምኖር ሰው ነኝ። ያስተማርኋቸው ልጆች ዛሬ ጐልማሶች ሆነው፥ አንዳንዱ ወርቅ በመቈፈር፥ አንዳንዱ በእርሻ፥ አንዳንዱም በኩርሙክ መንገድ በንግድ ይተዳደራል። ባገኙኝ ጊዜ ስለ ሰዋስው የሚጠይቀኝ የለም፤ «መምህር፥ ክላሽ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» የሚለኝ ግን አይጠፋም። በመንገድ ዳር ቆሞ የሚሰጥ መልስ አጭር ስለሚሆን፥ እዚህ አስፍቼ ልጻፈው።

አንዳንድ ደጋግ ሰዎች ጠመንጃ የነካ እጅ ሁሉ የረከሰ ነው ይላሉ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት በተማርሁበት ጊዜ ይህን የሚመስል ትምህርት ሰምቻለሁ። ነገር ግን የዚህን አገር ታሪክ የሚያውቅ ሰው ጉዳዩን በዚህ ቃል ብቻ ሊዘጋው አይችልም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ በቤኒሻንጉል ምድር ጠመንጃ ያለው ጠመንጃ የሌለውን እየያዘ በባርነት ይሸጠው ነበር። ባዶ እጅ መሆን ብቻውን ሰላም እንደማያመጣ ከዚህ እንማራለን። ሆኖም የዚያው ታሪክ ሁለተኛ ገጽ አለው። የሰው ንግድ የቀረው እያንዳንዱ ድኻ ጠመንጃ ስለ ገዛ አይደለም። በ1934 ዓ.ም. ባርነትን የሚከለክል አዋጅ ወጥቶ፥ ቀስ በቀስም ቢሆን ሻጭና ገዢ በዳኛ ፊት የሚጠየቁበት ዘመን ስለ መጣ ነው። በደሉ የተሠራው በጠመንጃ ነው፤ መድኃኒቱ ግን ከሁሉ ይልቅ ሕግ ሆነ።

«ሕጉ ሩቅ ሲሆንስ?» የሚለኝ ወጣት አለ፤ ጥያቄውም እውነተኛ ነው። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በክልላችን በመተከል ዞን፥ በቡለን ወረዳ፥ በበኩጂ ቀበሌ ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል። ከተገደሉት መካከል ምንም ያላጠፉ ሕፃናትና እናቶች ነበሩ። ቤቱ በላዩ ሲነድ ላየ ሰው፥ በሰላም አገር ተቀምጦ «ታገሥ» ብሎ መስበክ ከጭካኔ የማይሻል ምክር ነው። አባት በልጁ ላይ የተሰነዘረውን ክንድ ቢይዝ፥ ሌላ የሚይዝበት መንገድም ባይኖረው፥ ኀጢአተኛ ነው ለማለት አፌ አይደፍርም። ስለዚህ ራስን መከላከል መብት መሆኑን ተቀብዬ ወደሚከብደው ነገር አልፋለሁ፤ እርሱም ልኩ ነው።

ስለዚህ ልክ የጥንት ሰዎች በጥንቃቄ አስበዋል። በኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 22 የተጻፈውን ሕግ ተመልከት። ሌባ በሌሊት ቤት ሲሰብር ተመትቶ ቢሞት በመታው ላይ የደም ዕዳ አይቈጠርም፤ ፀሐይ ከወጣ በኋላ ግን ይቈጠርበታል። ሌባውም ቤቱም ያው ነው፤ የተለወጠው ብርሃኑ ነው። በጨለማ የመጣው ሰው ምን እንደሚሻ አይታወቅም፤ በቀን ግን ማየት፥ መጮኽ፥ ጐረቤት መጥራት ይቻላል። ሌላ መንገድ ባለበት ሁሉ ደም ማፍሰስ ዕዳ ነው ማለት ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት የነበረው ቶማስ አኲናስም፥ ራስን የመከላከል ሥራ ሁለት ፍሬ እንዳለው አስተማረ፤ አንዱ የራስ ሕይወት መዳን፥ ሁለተኛው የአጥቂው መሞት ነው። የተከላካዩ አሳብ በመዳኑ ላይ ሲሆንና ከሚያስፈልገው በላይ ኀይል ሳይጠቀም ሲቀር ሥራው የተፈቀደ ይሆናል፤ ልኩን ሲያልፍ ግን ይበላሻል።

የአገራችንም ሕግ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል። ጥቃቱ ሕገ ወጥና የተቃረበ፥ በሌላ መንገድም ሊወገድ የማይችል መሆን አለበት፤ መከላከሉም ከአደጋው ክብደት ጋር ሊመጣጠን ይገባል። ከዚህ ልክ ያለፈውን ደግሞ አንቀጽ 79 ለብቻው ይመለከተዋል። ሸሽቶ የሚሄድን ሌባ ከጀርባው የሚመታ ሰው ራሱን አልተከላከለም፤ ተበቀለ እንጂ። ትናንት ለሰደበው ዛሬ ጠመንጃ የሚያነሣም እንዲሁ ነው።

አሁን ወደ ትምህርቱ እንምጣ። ብዙ ወጣት ጠመንጃን መያዝና ጠመንጃን ማወቅ አንድ ይመስለዋል። ብዕር የገዛ ሁሉ ጸሓፊ እንደማይሆን ግን ያውቃል። በ1976 እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በአሜሪካ በአሪዞና የተኩስ ትምህርት ቤት ያቋቋመው ጄፍ ኩፐር ለተማሪዎቹ አራት ሕጎችን ያስተምር ነበር። መሣሪያን ሁሉ ሁልጊዜ እንደ ጐረሠ ቍጠር፤ ልታጠፋው ወደማትፈልገው ነገር አፈ ሙዝ አታዙር፤ የመሣሪያህ ማነጣጠሪያ ዒላማው ላይ ሳያርፍ ጣትህን ቃታ ውስጥ አታግባ፤ ዒላማህንና ከዒላማህ በስተኋላ ያለውን እወቅ።

ከእነዚህ አራተኛውን በእኛ አገር ላይ አስበው። ቤታችን የተሠራው ከቀርከሃ፥ ከእንጨትና ከጭቃ ነው። የክላሽ ጥይት ከአፈ ሙዙ ሲወጣ በሰከንድ 700 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ የቀርከሃ ግድግዳ ሊያቆመው አይችልም። በሌሊት ኮሽታ ሰምቶ በደጁ ወደ ጨለማ የሚተኩስ ሰው፥ ሌባውን ቢስተው ጥይቱ የጐረቤቱ ልጅ የተኛበት መደብ ድረስ ሊዘልቅ ይችላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ይሆናል። እነዚህ ሕጎች ለእጅ የተሰጡ ቢመስሉም በመሠረቱ የልቡና ሕጎች ናቸው፤ ትዕግሥትን፥ ጥንቃቄንና ስለ ሌላው ሰው ማሰብን ያዝዛሉ። በሠርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ የሚተኩስም የወጣው ጥይት ተመልሶ በሰው ላይ እንደሚወርድ ይርሳ ዘንድ አይገባውም።

ስለ ትጥቁም ጥቂት ልበል። ዛሬ ወጣቶች በስልካቸው ዥንጕርጕር ልብስ፥ ባለ ብዙ ኪስ ሰደርያ፥ በጠመንጃ ላይ የሚገጠም መነጽር ሲያዩ ልባቸው ይሳባል። ዕቃው በራሱ ክፉ አይደለም፤ ለወታደር የሥራ ልብሱ ነው። የወታደር ልብስ የለበሰ ሰላማዊ ሰው ግን ሁለት ነገር ያገኛል። አንደኛው ከንቱ ኩራት ነው። ሁለተኛው፥ ግጭት በተነሣ ጊዜ ተዋጊ መስሎ መታየት ነው፤ ሊጠብቀው የነበረውን ቤትም ዒላማ ያደርገዋል። በትጥቅ ውስጥ ለሰላማዊ ሰው እጅግ የሚጠቅመው ማንም ፎቶግራፍ የማይነሣበት ዕቃ ነው፤ ደም ማቆሚያ ጨርቅ። ቍስልን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን የተማረ ወጣት፥ ዒላማ መምታት ብቻ ከተማረው ይልቅ ብዙ ሕይወት ያድናል።

እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስ በ1651 እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ፥ ሰዎችን የሚያጣላቸው ሦስት ነገር ነው ብሏል፤ የጥቅም ሽሚያ፥ አለመተማመንና የክብር ፍለጋ። ጠመንጃ ልትገዛ ስትነሣ ከሦስቱ የትኛው እንደሚገፋህ ራስህን ጠይቅ። በወርቅ ጕድጓድ የሌላውን ድርሻ ለመንጠቅ ከሆነ ወንበዴ ለመሆን ተነሥተሃል። ለመታየት ከሆነ ገና ልጅ ነህ። ከፍርሃት ከሆነ ግን አልነቅፍህም፤ ነገር ግን ጐረቤትህም አንተን ፈርቶ እንደሚገዛ እወቅ። አንተ አንድ ብትገዛ እርሱ ሁለት ይገዛል፤ በመጨረሻም መንደሩ ሁሉ ታጥቆ እንቅልፍ ያጣል። በአካባቢያችን ያለውን የስደተኞች መጠለያ ተመልከት፤ በ2015 ዓ.ም. በተነሣው የሱዳን ጦርነት ምክንያትም በኩርሙክ በኩል ብዙ ሰዎች ተሻግረው መጥተዋል። እነዚህ ሰዎች የተሰደዱት አገራቸው ጠመንጃ አጥታ አይደለም።

መሣሪያ ከገዛው ሰው አሳብ ይልቅ ዕድሜው ረጅም መሆኑንም አስብ። ሚካይል ክላሽኒኮቭ በስሙ የሚጠራውን ጠመንጃ የሠራው አገሩን ከወራሪ ለመጠበቅ ነበር። ነገር ግን ከመሞቱ ቀደም ብሎ፥ ለሩሲያ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ ደብዳቤ ጽፎ፥ መሣሪያው ላጠፋው ነፍስ እርሱ ተጠያቂ እንደ ሆነ ጠየቀ። ቤተ ክርስቲያኒቱም አገርን ለመጠበቅ የሚውል መሣሪያ ሠሪውን እንደማያስነቅፍ መለሰች። መልሱ ለሠሪው ይበቃ ይሆናል፤ ለያዡ ግን አይበቃም። ያዡ ጠመንጃው ነገ በማን እጅ እንደሚወድቅ፥ በተቈጣ ወንድም፥ በሰከረ እንግዳ ወይም በሚጫወት ሕፃን እጅ እንዳይገባ፥ በየቀኑ የመጠበቅ ዕዳ አለበት።

እንግዲህ ምክሬን ልጠቅልል። አንደኛ፥ ከጠመንጃ በፊት ጐረቤትህን ያዝ፤ በጩኸት የሚደራረስ መንደር፥ ሽማግሌዎቹ የሚሰሙበት ሰፈር፥ የመጀመሪያው ምሽግ ነው። ሁለተኛ፥ መያዝ ግድ ቢሆንብህ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 1177 የሚያዝዘውን ፈቃድ ይዘህ፥ በግልጽ ያዝ፤ ተደብቆ የተያዘ መሣሪያ ጠባቂ ሊሆን አይችልም። ሦስተኛ፥ ሳትማር አትያዝ። አራተኛ፥ ቍጣህን ካልገዛህና መጠጥ ካልተውህ፥ ፈቃድ ቢኖርህም አትያዝ፤ በዱላ ያልቅ የነበረ ጠብ በጠመንጃ ሲያልቅ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ደም ይተክላልና። አምስተኛ፥ ሕግና ዳኛ ወደ መንደርህ እንዲቀርቡ ሳትሰለች ጠይቅ፤ የራስን ቤት በራስ ጠመንጃ መጠበቅ የችግር ቀን መንገድ ነው፥ አገር የሚቆምበት ሥርዓት አይደለም።

ጀግና የሚባለው ብዙ የተኰሰ ሰው የሚመስለው ካለ ይህን ይመርምር። መተኰስ የሚችል፥ ሕግም የሚፈቅድለት፥ ነገር ግን ሌላ መንገድ ፈልጎ አግኝቶ ሁለት ቤተ ሰብ ከለቅሶ ያዳነ ሰው ከእርሱ ይበልጣል። ስሙ በፉከራ አይነሣም፤ በሰፈሩ ግን ልጆች ያድጋሉ።