ያሳጠረ ሰው ዕዳ

ነገርን ማሳጠር ከጨዋነት ይቆጠራል። ለመሆኑ ማሳጠር መደበቅ የሚሆነው መቼ ነው? ጥያቄውን ያስነሣብኝ የኮምፒዩተር ጉዳይ ነው።

ማይክሮሶፍት በ2012 እ.ኤ.አ. ታይፕስክሪፕት የተባለ የፕሮግራም ቋንቋ አወጣ። በዚህ ቋንቋ የሚጽፍ ሰው፣ የያዘው ነገር ቁጥር ይሁን ጽሑፍ አስቀድሞ ማስታወቅ ይችላል። ብራውዘር ግን የሚያውቀው ጃቫስክሪፕትን ነው። ስለዚህ አንዳንዱ ሰርቨር ገጹ በተጠየቀበት ቅጽበት ይተረጉመዋል፤ የዓይነት ማስታወቂያውን ይፍቃል፣ የጸሐፊውን ማብራሪያና ባዶ ቦታውን ያወጣል፣ ረጅሙንም ስም በአንዲት ፊደል ይተካል። ለማሽኑ የጎደለ ነገር የለም፤ ሥራው ያው ነው።

ምክንያቱ መልካም ነው። ሰቆጣ ተቀምጦ በደከመ የሞባይል መስመር ገጽ ለሚጠብቅ ወጣት እያንዳንዷ ፊደል ጊዜም ገንዘብም ናት። ደግሞስ መቀነስ ሁሉ ማጉደል ነው ያለው ማን ነው? እዚያው ሰቆጣ አጠገብ ያለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ የታነጸው ድንጋይ በመደርደር ሳይሆን ከዐለቱ በመቀነስ ነው።

ነገር ግን ያው ወጣት ሙያውን ሊማር ቢፈልግስ? በድረ ገጽ መጀመሪያ ዘመን ብዙ ሰው ፕሮግራም መጻፍ የተማረው የሌላውን ገጽ ምንጭ ገልጦ በማንበብ ነበር። ዛሬ ሲገልጥ የሚያገኘው ስም አልባ የፊደል ክምር ነው። ገንዘቡን ቆጠብንለት፤ ትምህርቱን ወሰድንበት። ሳንጠይቀውም «ተጠቃሚ እንጂ አንባቢ አይደለህም» ብለን ፈረድንበት።

«የደከምንበትን ሥራ ለምን እንግለጥ?» የሚሉ አሉ። መብታቸው ነው፤ ግን ምስጢር መጠበቅን ቸርነት አይበሉት።

በዋግ ኽምራ ኽምጣናና አማርኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ። አንድ አዛውንት በኽምጣና በሰፊው ተናግረው አስተርጓሚው በሁለት ቃል ቢጨርሰው፣ የሰማው ሰው ቅር ይለዋል እንጂ መንገድ አልጠፋበትም፤ ተናጋሪው ፊቱ ናቸውና ዘወር ብሎ ይጠይቃቸዋል። ሰርቨሩም እንዲሁ ነው። በጥያቄው ሰዓት ሲተረጉም ዋናው ጽሑፍ ሳይነካ እጁ ላይ አለ። ያጠረውን ከዋናው የሚያገናኝ ሶርስ ማፕ የሚባል መመለሻም ተበጅቷል፤ ለጠየቀ ብቻ ስለሚላክ የሌላውን መስመር አያጨናንቅም።

እንግዲህ እኔ እንዲህ እላለሁ። ያሳጠረ ሰው ዕዳ አለበት፤ ዕዳውም ዋናውን ማኖርና ለሚጠይቅ ማሳየት ነው። ይህን የማይከፍል ሰው «ለአንተው ብዬ ነው ያሳጠርሁት» የማለት መብት የለውም።