«እብጠት ነበር፣ ወጣ»

ጋሼ የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። አምና የግራ ኩላሊታቸው በቀዶ ጥገና ወጣ። ዶክተሩ የምርመራውን ውጤት የነገረው ለእሳቸው ሳይሆን ለእኛ ነበር፤ ኮሪደር ላይ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እናቴ ወዲያው «ካንሰር የምትል ቃል ጆሮው እንዳትገባ» አለች። ተስማማን። «እብጠት ነበር፣ ወጣ» ተባለ።

የዚያን ዕለት ሌሊት ላፕቶፔን ከፍቼ ሳነብ አደርኩ። ኪም-1 የሚባል ፕሮቲን አለ። ጤነኛ ኩላሊት ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ኩላሊት ሲጎዳ ይበዛል፤ ብዙዎቹ የኩላሊት ካንሰሮችም ያመርቱታል፣ ቁራጩም ደም ውስጥ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የአውሮፓ ጥናት እንዳሳየው፣ ካንሰሩ ከመታወቁ እስከ 5 ዓመት በፊት በተቀዳ ደም ውስጥ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ከቀዶ ጥገና በኋላ መጠኑ ከፍ ያለባቸው ሰዎች ላይ ደግሞ በሽታው የመመለስ ዕድሉ ይጨምራል።

ይጨምራል እንጂ ይመለሳል አይልም። ስኳር የጎዳው ኩላሊትም ይህንኑ ፕሮቲን ያወጣል። ደግሞስ ቁጥሩ የሚያወራው ስለ ብዙ ሰው ነው፤ ጋሼ አንድ ናቸው። ሠላሳ በመቶ አይታመሙም።

እኛ ፕሮግራመሮች አንድ ልማድ አለን፦ ሌሊት 9 ሰዓት ቀስቅሶህ ምንም ልታደርግበት የማትችለውን አላርም ታጠፋዋለህ። ምንም ካልተደረገበት ጩኸት ነው። እኔም በዚህ ሕሊናዬን አስተኛሁ። ብንነግራቸው ምን ያደርጉበታል?

ችግሩ፣ የሚደረግ ነገር ነበር። የመመለስ ሥጋታቸው ከፍ ላለ ሰዎች ፔምብሮሊዙማብ የሚባል መድኃኒት አለ፤ በተጠናበት ሙከራ ከቀዶ ጥገናው በኋላ በ12 ሳምንት ውስጥ ነው የተጀመረው። ከ4 ዓመት በኋላ መድኃኒቱን ከወሰዱት 91.2 በመቶ፣ ካልወሰዱት 86 በመቶ በሕይወት ነበሩ። ከመቶ ሰው አምስት ያህል ማለት ነው። ዋጋውን አጠያየቅን፤ የማይሞከር ነው። የጋሼ ቤት ቢሸጥ ግን ምናልባት ይበቃ ነበር።

ቤቱ የእሳቸው ነው። ለአምስት በመቶ ቤት ይሸጣል ወይስ ለልጆች ይቀመጣል የሚለው ጥያቄም የእሳቸው ነበር። እኛ ሳንጠይቃቸው መለስንላቸው፣ 12 ሳምንቱም አለፈ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ የሰው በሽታ ስለደበቀ ግን ተረቱ ምንም አይልም።

እናቴን አልፈርድባትም። እኛ አገር ክፉ ወሬ መንገር ራሱን የቻለ ሙያ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሊነጋ ሲል፣ ሰውየው ብቻውን እንዳይሆን ተደርጎ ነው። ይህን ጭካኔ ወይም ኋላቀርነት የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። ግን መርዶ ይዘገያል እንጂ አይቀርም፤ ደግሞም የሆነ ነገር ነው የሚረዳው። ገና ላልሆነ፣ ምናልባትም ለማይሆን ነገር ለቅሶ ቤት የለንም። እናም ዝም አልን፣ ዝምታውንም ባህል አልነው።

ባለፈው ወር ቡና እየጠጣን «አንተ፣ ይሄ ኢንተርኔት ስለ ኩላሊት ምን ይላል?» አሉኝ።

«ምን ማወቅ ፈልገው ነው ጋሼ?»

ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «እስቲ መጀመሪያ፣ ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ ለምን ያን ያህል እንደቆያችሁ ንገረኝ።»

እናቴ ከጀበናው ቀና ብላ አየችኝ። ወንበሬን ወደ እሳቸው ሳብኩ።