የካሳን ስም በከንቱ አትጥሩ

ልጆቼ፣ ሰሞኑን በየካፌው የምሰማው ነገር አላስቀምጥ ብሎኛል። ጸጉሩን ያጎፈረው፣ ክንዱን የተነቀሰው፣ ታላቅ ሲናገር የሚያቋርጠው ሁሉ «እኔ ጉዱ ካሳ ነኝ» ይላል። አጠገቡ የተቀመጠውም እንደዚያው ተነቅሶ፣ እንደዚያው አጎፍሮ ያንኑ ይደግማል።

ለመሆኑ ካሳ ያለበትን መጽሐፍ ያነበበ አለ? «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ሲወጣ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ካሳን የሰጡን ለመታያ አይደለም። ጸሐፊው ጠላትን ተዋግተው፣ ተማርከው፣ ጣልያን አገር ለዓመታት የታሰሩ ሰው ናቸው፤ ብቻን መቆም ምን እንደሚያስከፍል ያውቁታል። ካሳ የባላባት ዘመድ ነው፤ አፉን ቢይዝ ኖሮ ተከብሮ ይኖር ነበር። እሱ ግን ማኅበረሰቡን በድንጋይ ካብ መስሎ፣ በጊዜ ካልታደሰ እንደሚናድ ከመናገር አልተቆጠበም። «ጉዱ» ብለው የሰየሙት የናቁት ሰዎች ናቸው።

ገላዬ የራሴ ነው ትላላችሁ። የመጽሐፉ ባለታሪክ በዛብህ ግን በራሱ ላይ አላዘዘም፤ ወላጆቹ ገና በልጅነቱ ለቤተ ክርስቲያን ተስለውታል፤ ፍቅረኛውን ሰብለ ወንጌልንም የፊታውራሪው አባቷ የዘር ኩራት አቻ ባል አሳጥቷታል። ስለትን አላቃልልም፤ እግዚአብሔርን የሚፈራ ቃሉን ይጠብቃል። የበዛብህን መከራ ያከበደውም እናትና አባቱ ክፉ ሰዎች አለመሆናቸው ነው።

በልጅነቴ ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በሬዲዮ ሲተርክ ጎረቤቱ እኛ ቤት ይሰበሰብ ነበር። አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ጋቢውን ፊቱ ላይ ስቦ ያዳምጣል። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን «ምናለ ፊታውራሪ አንድ ቀን እንኳ ልጃቸውን ቢጠይቋት!» ስትል አሁንም ይሰማኛል። በኋላ ስለ መጽሐፉ ብዙ ትንታኔ አንብቤአለሁ፤ እንደ እሷ ልቡን ያገኘው ጥቂት ነው።

እናንተ ግን ታሪኩን በስልክ፣ ያውም ተቆራርጦ ሰምታችሁ ለፍቅረኞቹ ታለቅሱና፣ ማግስቱን «የማን ዘር ናት?» ብላችሁ ሙሽራ ትመርጣላችሁ።  ወደ ካሳ ልመልሳችሁ። ጸጉር ማጎፈር ቀላል ነው። እሱ በዘመዶቹ መካከል ለድሃ ተከራክሮ እንደ እብድ ተቆጥሯል። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አንብቡ። ከዚያ በኋላ ካሳ ነኝ የሚል ካለ፣ ስለ ማን ብሎ ምን እንዳጣ ይንገረኝ።