ወዳጅነት ለስብከት መሣሪያ ይሆናልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ክርስቲያን እምነቱን ለሌላው የማካፈል ግዴታ እንዳለበት አያጠራጥርም፤ የሚያከራክረው መንገዱ ነው። በዳላስና በፎርት ዎርዝ አካባቢ በር እያንኳኩ የሚሰብኩ አሉ። አስቀድሞ መወዳጀት፣ ቀጥሎም መስበክ ይገባል የሚሉ ደግሞ አሉ። ምክሩ መልካም ይመስላል፤ ነገር ግን የኅሊና ጥያቄ ያስከትላል። ወዳጅነት ለሌላ ዓላማ መሣሪያ ከሆነ ወዳጅነት ሆኖ ይቀራልን?

ለዚህ ከገዛ ታሪካችን ምስክር አለን። የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ጳጳስ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ወደ አክሱም የመጡት ተልከው አልነበረም። ሩፊኖስ የተባለው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሓፊ እንደ መዘገበው፣ ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ የተሳፈሩበት መርከብ በተጠቃ ጊዜ ከሞት ተርፈው ለንጉሡ የተሰጡ የጢሮስ ልጆች ነበሩ። ኤዴስዮስ ጠጅ አሳላፊ፣ ፍሬምናጦስ የሒሳብና የጽሕፈት ሹም ሆኑ። ንጉሡ ሲሞት ነጻ ወጥተው ሳለ፣ ንግሥቲቱ ልጇ እስኪያድግ ድረስ እንዲያግዟት ስለ ለመነቻቸው ቆዩ። ፍሬምናጦስ በእስክንድርያ ከቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ጵጵስናን የተቀበሉት ከዚህ ሁሉ አገልግሎት በኋላ፣ በ4ኛው መቶ ዓመት ነው። ያ ልጅ ንጉሥ ኢዛና እንደ ሆነ ይታመናል፤ በገንዘቡ ላይ ጨረቃና ፀሐይ በነበሩበት ቦታ መስቀልን ያስቀረጸ እርሱ ነው።

ልጁን ማሳደግ የተዘረጋ ወጥመድ አልነበረም፤ አባት የሞተበት ልጅ አሳዳጊ ስላስፈለገው የተደረገ ነው። ሆኖም ፍሬምናጦስ እምነታቸውን አልደበቁም፤ ክርስቲያን የሆኑትን የሮም ነጋዴዎች ፈልገው የጸሎት ቦታ እንዲያበጁ አበረቷቸው። ፍቅሩና ምስክርነቱ ጎን ለጎን ሄዱ እንጂ አንዱ የሌላው ዋጋ አልሆነም።

እንግዲህ መለኪያው ይህ ነው። ጎረቤታችን እምነታችንን እንደማይቀበል ባወቅን ማግስት መጠየቁን ብንተው፣ የፊተኛው ወዳጅነታችን ንግድ ነበር። እምነት የግል ነው ብለን ከሁሉ የምንወደውን ከወዳጃችን ብንሰውር ደግሞ ወዳጅነታችን ጎደሎ ነው።

አገር ቤት እድሩ፣ የጽዋ ማኅበሩና የቡናው ጉርብትና ይህን ያለ ብዙ ምርምር ያስተምሩ ነበር። እዚህ ግን አንዱ በጋርላንድ፣ አንዱ በኧርቪንግ፣ ሌላው በፎርት ዎርዝ ነው፤ ያለ መኪና መጠያየቅ የለም፤ ባል ከሥራ ሲገባ ሚስት ትወጣለች። ለለቅሶ እንሰበሰባለን። ሥራ የፈታውን ማን ይጠይቀዋል? ክርስትና ያነሣነውን ልጅስ ከጥምቀቱ ቀን ወዲህ ስንት ጊዜ አነጋገርነው? የፍሬምናጦስ አብነት ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው ለክርስትና አባትና እናት ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን በሁለት ሲኖዶስ ተከፍላ በኖረችበት ዘመን፣ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በዋሽንግተን ዲሲ ዕርቅ እስኪወርድ ድረስ፣ በአንድ ጥምቀት የተወለዱ ስደተኞች ቡና መጠራራት የተዉባቸው ከተሞች ነበሩ። ከዚህ የሚበልጥ የስብከት እንቅፋት አይገኝም፤ ሰው የሚሰማን ከማንበርከካችን አስቀድሞ እርስ በርሳችን እንዴት እንደምንኖር አይቶ ነውና።

ስለዚህ ቢቻለን በዚህ ወር የአንድ ሰው ቤት እንጠይቅ፤ ከጠየቅነውም ዘንድ ምንም ትርፍ አንፈልግ። ስለ እምነታችን ሲጠይቀን ግን መልሱን አንንፈገው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።