ዘር ከልጓም ይስባልን? ንጹሕ ዘር ውሻን ስለ ማራባት

እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር በታሪክ የሚታወሱበት ስም የፈረስ ስም ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው እንደተባሉ ሁሉ፣ የጅማው ንጉሥም በፈረሳቸው ተጠሩ። በዚያ ሥርዐት ትውልዱ የሚጠየቅለት እንስሳ ፈረስ ነበር፤ «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለው አነጋገርም ልጓም ከሚያውቀው እንስሳ እንጂ ከሌላ አልተቀዳም።

ውሻን ግን «ማን ወለደው?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በጎማ፣ በሊሙና በጌራ የቡና ጥላ ሥር የውሻ ማዕረጉ ሥራው ነው። ቡናው ሲቀላ ጦጣና ዝንጀሮ ያባርራል፤ በቆሎው ሲያሸት ከርከሮ ያስደነግጣል፤ ሌሊት ጅብ ሲቀርብ ይጮኻል። አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም በሆነበት በዚህ አካባቢ የውሻ ምራቅ ነጃሳ ተብሎ ስለሚቈጠር ቦታው ከደጅ ነው፤ ይሁን እንጂ ደጅ ማደሩ ከቤቱ አባልነት አልሰረዘውም። ጠባቂው ተመገበ፣ ሰነፉ ተባረረ፤ በዚህ ሁኔታ ማንም ሳያቅደው ለብዙ ዘመን ምርጫ ሲካሄድ ኖረ።

በኋላ ሌላ ውሻ መጣ። ከተሜው «የፈረንጅ ውሻ» ይለዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ጀርመን ሼፐርድ ነው፣ ወይም ነው ተብሎ የተሸጠ ነው። በአጋሮ የሚኖር አንድ የቡና ነጋዴ ይታሰብ። መጋዘኑን የምትጠብቅለት ጀርመን ሼፐርድ ከአዲስ አበባ አስመጥቶ፣ አብልቶና አስከትቦ አሳድጓታል። ውሻዪቱ ሁለተኛ ዓመቷን ስትደፍን ጎረቤቱ «እንዲህ ያለ ዘር ሳይተካ ሊቀር ነው እንዴ?» ይለዋል። ጅማ ከተማ ውስጥ አምሳያዋ የሆነ ወንድ ውሻ ያለው ሰው አለ፤ የሚቀረው ስልክ መደወል ብቻ ነው። ይህ ሰው ውሻዪቱን ማስጠቃት ይገባዋልን?

ንብረቱ ናትና መብቱ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ዳሩ ግን የድርጊቱ ዋጋ የሚከፈለው በባለቤቱ ሳይሆን ገና ባልተወለዱት ነው። ነጋዴው ውሻውን መውደዱ እውነት ነው፤ ፍቅሩ ለእርሷ እንጂ ለማያውቃቸው ቡችሎች ዋስትና አይሆንም። «አንድ ጊዜ እናትነትን ትቅመስ» የሚለው ምክንያት ደግሞ የሰውን ምኞት በእንስሳ አፍ ማናገር ነው፤ ውሻ ሳትወልድ ብትኖር ለጤናዋ የሚጎድልባት ነገር የለም። ስለ ትርፉ የሚነሣውም የእናቲቱ ቀለብ፣ ክትባቱና የሐኪሙ ዋጋ እስኪሰላ ድረስ ነው። ጠንከር ያለው ክርክር «ዘሩ እንዳይጠፋ» የሚለው ነውና ሊመረመር የሚገባው እርሱ ነው።

በአማራው ልማድ ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቈጠራል። በነባሩ የኦሮሞ ልማድም ከገዛ ጎሳ ሚስት ማምጣት ነውር ነው። ሁለቱም ትውልድን የሚቈጥሩት ለመራራቅ ነው። በአውሮፓ የውሻ መዝገብ ውስጥ ግን ትውልድ የሚቈጠረው ለመቀራረብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1873 ለንደን ላይ ኬነል ክለብ ከተቋቋመ ወዲህ በየአገሩ እየተስፋፋ የሄደው ሥርዐት እናትና አባቱ በመዝገብ ያልሰፈሩ ውሻ ወደ ዝርያው እንዳይገባ በሩን ዘጋ። ማክስ ፎን ሽቴፋኒትዝ የተባለው ጀርመናዊ መኮንን በ1899 ሆራንድ የተባለውን ውሻ የጀርመን ሼፐርድ ዝርያ ቀዳሚ አድርጎ ሲመዘግብ ይፈልግ የነበረው በግ የሚጠብቅ ብርቱ ሠራተኛ ነበር። ውሎ አድሮ ግን መልክና መዝገብ ሥራውን ቀደሙት። በእናትም በአባትም ወገን ተሸሽጎ የቆየ ጉድለት፣ ዘመዳሞች ሲዳቀሉ ይገናኝና ይገለጣል። ሰባት ቤት ቈጣሪዎቹ አረጋውያን የዘረ መል ትምህርት ሳይደርስባቸው የሸሹት ይኸንኑ ነው።

ውጤቱ ዛሬ በእንስሳት ሐኪም ቤት ይታያል። የጀርመን ሼፐርድ የዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም የታወቀ ነው። የእንግሊዝ ቡልዶግ ጭንቅላቱ ገዝፎ የእናቱ ዳሌ ጠቧልና ቡችሎቹ በአብዛኛው የሚወለዱት በቀዶ ሕክምና ነው። ካቫሊየር የሚባለው ትንሽ ውሻ የራስ ቅሉ ለአንጎሉ ጠብቦት ይሠቃያል፤ ልቡም ቶሎ ይደክማል። በ2023 የኖርዌይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የካቫሊየርን ማራባት፣ በተለመደው አኳኋን እስከተካሄደ ድረስ፣ የእንስሳት ደኅንነት ሕግን ይጥሳል ሲል ፈርዷል። ከሌላ ዝርያ ጋር የማዳቀሉን መንገድ ግን አልዘጋም።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። አማርኛ «ዘር» ሲል የሚዘራውንም፣ የተወለደውንም፣ የሰውን ወገንም በአንድ ቃል ይጠራል። «ንጹሕ ዘር» የሚለው ሐረግ ከውሻ ጎጆ ተነሥቶ ወደ ሰው ቤት ለመግባት ሩቅ መንገድ አይሄድም። ከጅማ ቀጥሎ ባለው በከፋ ምድር ማንጆ የሚባሉት ወገኖች ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀርቡ፣ በጋብቻም እንዳይዛመዱ ተከልክለው የኖሩት በዚሁ «ንጹሕ» በሚል ቃል ነው። ስለ ውሻ የሚናገር ሰው ይህን ቃል ሲያነሣ ቢጠነቀቅ አይከፋም።

ዘር መምረጥ በእውነት ምን ያህል ሥራ እንደሚጠይቅ ለማየት ግን ከጅማ መራቅ አያሻም። ሲቢዲ በሚል ምኅጻር የታወቀው የቡና ፍሬ በሽታ በ1922 ኬንያ ውስጥ ታይቶ፣ በ1971 ኢትዮጵያ ገባ። አረንጓዴውን ፍሬ እያጠቈረ የሚያደርቅ በሽታ ነው። በመልኮ የሚገኘው የጅማ ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች መድኃኒቱን የፈለጉት በሽታው ክፉኛ በጎዳቸው ማሳዎች መካከል ፍሬያቸው ሳይነካ የቆሙትን ዛፎች በመለየት ነበር። ከእነዚያ ዛፎች ዘር ተለቀመ፤ ችግኝ ፈላ፤ በበሽታው ተፈተነ፤ ምርቱም ተመዘነ፤ አብዛኛውም ተጣለ። ከተረፉት መካከል 74110ና 74112 የሚባሉትን የጅማ ቡና አምራች ዛሬም በቍጥራቸው ይጠራቸዋል። የትልቅ አባት ስም የላቸውም። ያለፉት በፈተና ነው።

የነጋዴው ሁኔታ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ምርጫ ሊባል አይችልም። ያለችው አንዲት ውሻ ናት፤ ወንዱም በቅርብ የተገኘው ነው። ዳሌያቸው በራጅ አልታየም፤ አያቶቻቸው በምን እንደሞቱ የሚያውቅ የለም። መራጭ መጣልን ይጠይቃል፤ ችግኝ ደግሞ ተነቅሎ ይጣላል፣ ቡችላ ሲጣል ግን ያለቅሳል። ሌላም ልዩነት አለ። የአረቢካ ቡና በገዛ ወንዴው ተራክቦ የሚያፈራ ተክል ስለሆነ ከራሱ ጋር መዳቀሉ ብዙም አይጎዳውም፤ ውሻ ግን እንዲህ አልተፈጠረም።

ባሰንጂ የሚባለው የኮንጎ ውሻ ታሪክ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በ1930ዎቹ ጥቂት ውሾች ወደ እንግሊዝ ተወስደው ዘራቸው በመዝገብ ተዘጋ። ከጊዜ በኋላ ኩላሊትን የሚያዳክም የውርስ በሽታ በዝርያው ላይ በረታ። በ1987ና በ1988 አሜሪካውያን አርቢዎች ወደ ኮንጎ መንደሮች ተመልሰው አዲስ ውሾች አመጡ፤ የአሜሪካው ኬነል ክለብም በ1990 የዘጋውን መዝገብ ከፈተላቸው። ንጹሑ ዘር ሊታደስ የተፈለገው ወረቀት በሌላቸው የመንደር ውሾች ነው። በጌራ የቡና ጫካ ዳር የሚጮኸው «ተራ» ውሻም የሚኖረው እንደነዚሁ ሳይመዘገብ፣ ሥራና በሽታ እያጣሩት ነው።

ይህ ሲባል መዳቀል ሁሉ መልካም ነው ማለት አይደለም። በባሌ ተራሮች የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ከ500 የማይበልጥ ሆኖ ሳለ ከመንደር ውሾች ጋር ሲዳቀል ታይቷል፤ ከዚያ የባሰው ደግሞ ከውሾች የሚጋባበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ቀይ ቀበሮውን ለይቶ መጠበቅ ተገቢ ነው፤ እርሱን የሠራው ተራራውና የሚያድነው አይጥ እንጂ የክለብ መዝገብ አይደለምና። የቀይ ቀበሮ ዘር ቢጠፋ ከምድር ይጠፋል። የአጋሮዋ ውሻ ሳትወልድ ብታረጅ ግን በዓለም ላይ እጅግ ከበዙት ዝርያዎች አንዱ ምንም አይጎድልበትም።

እንግዲህ «ዘሩ እንዳይጠፋ» የሚለው ምክንያት ሲፈተን ባዶ ሆኖ ይገኛል። ማራባት የሚገባው ሰው የለም ማለት ግን አይደለም። ለሥራ የሚፈለግ ውሻ አለ፤ ወላጆቹን በሐኪም ያስመረመረ፣ ዘመድነታቸውን ያጣራ፣ የሸጠው ቡችላ ቢመለስበት በሩን የሚከፍት አርቢ ይህን ሥራ ቢይዝ ጥሩ ነው። ይህ ግን ሙያ ነው፤ ውሻ ስላለው ብቻ ማንም ሰው የሚገባበት አይደለም።

ለነጋዴው የቀረበው ጥያቄ ከዚህ ይልቅ ተራ ነው። ከሁለት ወር እርግዝና በኋላ ስምንት ቡችሎች ተወለዱ እንበል። ወንዶቹን ወዳጅ ዘመድ በሳምንት ውስጥ ይካፈላቸዋል። ሴቶቹን የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ በከተሞቻችን ሴት ቡችላ በጆንያ ተደርጋ ገበያ ዳር ወይም ወንዝ አጠገብ ስትጣል ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ከተረፈች መንገድ ላይ ታድጋለች፤ ሳትከተብ ትወልዳለች፤ ካበደች ሕፃን ትነክሳለች፤ ማዘጋጃ ቤት የባዘኑ ውሾችን በመርዝ ለማጥፋት በወጣበት ሌሊትም የጀርመን ሼፐርድ ጆሮዋ አያድናትም። ስልኩን ከማንሣቱ በፊት ነጋዴው ግቢውን ቢያይ መልካም ነው፦ ማንም ያልወሰዳትን፣ ምናልባትም ዳሌዋ የታመመውን ስምንተኛዋን፣ ዐሥርና ዐሥራ ሁለት ዓመት እየቀለበ የሚያኖርበት ቦታ ካለው። ጎረቤቱ ስለ እርሷ ምንም አላነሣለትም።