ዝምታ ፍርሃት ነውን?

ውድ ወጣቶች፣ እምነቱን በልቡ ይዞ በሰው ፊት ዝም የሚል ሰው ፈሪ ነውን? ወይስ ዝምታም የራሱ ጊዜ አለው? ከሰዓት በኋላ ጓደኞቻችሁ ጫት ይዘው “ኑ፣ ተቀመጡ” ሲሏችሁ “ዛሬ አሞኛል” ብላችሁ ዞር ካላችሁ፣ ጥያቄው የእናንተ ነው።

እስቲ በጭሮ ዙሪያ ያሉትን ድንጋያማ ተዳፋቶች ተመልከቱ። ከሚኤሶ ቆላ ወደ ጨርጨር ተራሮች ስትወጡ፣ ማረሻ በማይገባበት ቦታ፣ ቅጠሉ ውኃ ያዘለ እሬት ዝቅ ብሎ በቅሎ ታያላችሁ። በኦሮምኛ ሀርጊሳ ይባላል።

አብዛኞቹ ዕፅዋት በቅጠላቸው ላይ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች የሚከፍቱት በቀን ነው። እሬት እንዲህ ቢያደርግ ፀሐይ ውኃውን ትጨርስበት ነበር። ስለዚህ ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝ ይከፍትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ አስገብቶ በአሲድ መልክ ያከማቻል። ሲነጋ ይዘጋል፤ ያከማቸውንም በፀሐይ ብርሃን ምግብ ያደርገዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሕንድ ይኖር የነበረው ቤንጃሚን ሄይን፣ ይህንኑ ጠባይ ያለውን የእንዳሁላ ዘመድ ቅጠል ጠዋት ሲቀምሰው ጎምዛዛ፣ እኩለ ቀን ላይ ግን ጣዕም አልባ ሆኖ አግኝቶታል። የሌሊቱ ሥራ ጠዋት በምላስ ታወቀ ማለት ነው።

እንግዲህ ለእሬት ሌሊቱ መሰብሰቢያ ነው። ይሁን እንጂ የተሰበሰበው ብርሃን ካላገኘ ምግብ አይሆንም።

ኒቆዲሞስን አስቡ። ወደ ጌታ ኢየሱስ መጀመሪያ የመጣው በሌሊት ነበር። ቆይቶ በሸንጎው መካከል ሰው ሳይሰማ እንዳይፈረድበት ተከራከረ። ደቀ መዛሙርቱ በተበተኑበት ቀን ደግሞ ከርቤና እሬት ተሸክሞ ወደ ተሰቀለው ጌታ ሥጋ ቀረበ። የሌሊቱ ጉብኝት ከንቱ አልቀረም፤ ግን በሌሊት ብቻ ቢቀር ኖሮ ምን እንለው ነበር?

“ገና ጊዜዬ አልደረሰም” እያለ ዕድሜውን የሚጨርስ እንዳለ አውቃለሁ። ስለዚህ ራሳችሁን መርምሩ። ብቻችሁን ስትሆኑ ትጸልያላችሁ? ቃሉን ታጠናላችሁ? ለጓደኛችሁ ትማልዳላችሁ? እንዲህ ከሆነ ዝምታችሁ እያከማቸ ነው። በጓዳም ባዶ ከሆነ ግን ፍርሃት ነው። ደግሞም ዝም ማለትና መዋሸት አንድ አይደሉም፤ ሳያማችሁ “አሞኛል” ማለት ውሸት ነው። “እኔ አልቅምም” ማለት ግን ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ ለመጀመሪያው የቀን ብርሃን ይበቃል።