የተዋሱት አጥር

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» የሚለውን ተረት የምንጠቅሰው ብዙውን ጊዜ ድንበር ለሚገፋ ጎረቤት፣ ወይም ልጅ መትቶ አባትን ለሚፈትን ሰው ነው። የፎገራ ገበሬ ግቢውን በእሾህ ወይም በቅንጭብ ያጥራል። እሾህ እጅ ይቧጭራል፣ የቅንጭብ ወተት ዓይን ያቃጥላል፤ ቆርጦ ለመጣ ሰው ግን ሁለቱም የአንድ መጥረቢያ ሥራ ናቸው። እንዲያም ሆኖ አጥሩ ዓመታት የሚቆመው ባለቤቱ ቢነካ ዝም እንደማይል፣ እሪ ቢልም መንደሩ እንደሚደርስለት ስለሚታወቅ ነው። ተረቱን ወደ አገር መከላከያ ስናመጣው ከውጭ ወዳጅ የሚገኘው መድፍ፣ ታንክና አውሮፕላን አጥር ይሆናል፤ ባለቤቱ ደግሞ ከኋላ ሆኖ የሚያርሰው፣ ስንቅ የሚያቀብለውና ልጁን የሚልከው ሕዝብ ነው። አጥር ይገዛል፣ ይለመናል፣ ይዋሳልም። ባለቤቱን አስቀድሞ የናቀው ራሱ አጣሪው ከሆነ ግን የአጥሩ ቁመት ቤቱን አያድነውም። የዚህ ማስረጃ ከፎገራዋ ከተማ ከወረታ ብዙም አይርቅም።

ከወረታ ዳገቱን ይዞ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘ ሰው ደብረ ታቦር ይደርሳል፤ ጋፋት እዚያው አጠገቧ ናት። አፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓን ዕውቀትና ወዳጅነት አጥብቀው ይፈልጉ ነበር። በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ አጣ። ጋፋት የሰፈሩትን እነ ቫልድማየርን የመሰሉ ባለእጅ ሚሲዮናውያን ግን መድፍ እንዲያቀልጡላቸው አስገደዱ። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የዚያ ሥራ ፍሬ ነው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ እስኪደርስ ግማሽ ዓመት ያህል ፈጀ፤ በመቶ የሚቆጠር ሰው በጠፍር እየጎተተው፣ ንጉሡም ራሳቸው ከፊት ቀድመው ድንጋይ እየፈነቀሉ መንገድ ይጠርጉ ነበር። ለአጥር እንዲህ የደከመ ንጉሥ በታሪካችን መኖሩን እጠራጠራለሁ። ባለቤቱ ግን በዚያ ጊዜ ከእሳቸው ጋር አልነበረም። ጎንደር በ1859 ዓ.ም. ተቃጥላለች፤ የበጌምድርና የደምቢያ ገበሬ ጎተራው ተገልብጦ ከብቱ ተነድቶበታል፤ ደብረ ታቦርም የቀራት አመዷ ነበር። የእንግሊዝን ጦር የመራው ናፒየር ከቀይ ባሕር ተነሥቶ መቅደላ ድረስ ሲዘልቅ እህሉን፣ ሣሩንና የጭነት ከብቱን በማርያ ትሬዛ ብር ከገበሬው እየገዛ ነበር፤ የከለከለው ሰው የለም። ሚያዝያ 3 ቀን እሮጌ ላይ ውጊያው ሲገጠም ያ ሁሉ ጠፍር የተበጠሰለት መድፍ አንዳች አልፈየደም።

ሴባስቶፖል ከእንግሊዝ ጠመንጃ ጋር የማይወዳደር ኋላ ቀር መሣሪያ ስለነበረ ነው የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ስለዚህ መሣሪያው ዘመናዊ የሆነበትን፣ አንድ መንግሥት የአንድ ወዳጅ እርዳታ ይዞ ሁለት ጊዜ የተፈተነበትን ዘመን እንይ። በ1970 ዓ.ም.፣ በሶማሊያ ወረራ ጊዜ፣ ሶቪየት ኅብረት በአየርና በባሕር ድልድይ ያወረደችው የጦር መሣሪያ አንድ ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚያወጣ ተገምቷል፤ ከ10,000 የሚበልጡ የኩባ ወታደሮችም መጡ፤ የካቲት 26 ቀን ካራማራ ላይ ድሉ ተገኘ። ነገር ግን ኩባውያኑ ከመድረሳቸው በፊት ከየአውራጃው ተጠርቶ ታጠቅ ጦር ሰፈር የሠለጠነ የገበሬ ሚሊሺያ ነበር። ያ ገበሬ የካቲት 1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ ከጭሰኝነት ከተላቀቀ ገና ሦስት ዓመት አልሞላውም። ባለቤት ሆኖ ዘመተ ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ በጌምድርን የመሰለ የርስት አገር ላይ አዋጁ ያን ያህል ለውጥ ባያመጣም እንኳ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የሆነውን የፎገራ ሽማግሌዎች ሳይጠየቁ ይናገሩታል። ገበሬው ያመረተውን መንግሥት በቆረጠለት ዋጋ በኮታ ማስረከብ፣ ቤቱን አፍርሶ መንደር ምሥረታ መግባት፣ ከ1975 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ልጁን ለብሔራዊ ውትድርና ማስረከብ ሆነበት። ታንኩ ግን በቁጥርም በዓይነትም ከካራማራው ዘመን ይበልጥ ነበር።

በሁለተኛው ፈተና የደርግ ሽንፈት የመጣው ጎርባቾቭ እጁን ስለሰበሰበ ነው የሚለው መከራከሪያ ክብደት አለው፤ በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት የሞስኮ በር በእርግጥም እየተዘጋ ነበር። የቀኑ ቅደም ተከተል ግን አይደግፈውም። አፋቤት የወደቀችው መጋቢት 1980፣ ሽሬ የካቲት 1981 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ መሣሪያው ገና ይመጣ ነበር። አፋቤት ላይ የተማረከው ታንክና መድፍ አፈሙዙን አዙሮ ይዞት የነበረውን ጦር መልሶ ወጋ፤ የተዋሱት አጥር ለወሰደው ሁሉ ያገለግላል። የካቲት 1983 ዓ.ም. ኢሕአዴግ በጀመረው ዘመቻ ጎንደርና ጎጃም በጥቂት ሳምንታት ከደርግ እጅ ወጡ። የዘመቻው ስም «ቴዎድሮስ» መባሉ ይገርመኛል፤ ስሙን የሰጡት የንጉሡን ጀግንነት አስበው እንጂ የመጨረሻ ዓመታቸውን አስበው አይመስለኝም።

ከዚያ ሁሉ እርዳታ ፎገራ ላይ የቀረው ሩዝ ነው። ሰሜን ኮሪያ ለደርግ መሣሪያም አሠልጣኝም ትሰጥ ነበር፤ ከእነዚሁ ጋር የመጡት የግብርና ባለሙያዎቿ ጣና ዳር ባለው ረግረግ ሩዝ አስለመዱ። መነሻውም በደራ የጅግና፣ በፎገራ የሻጋ የአምራቾች ማኅበራት ነበሩ፤ ኤክስ-ጅግና የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ማኅበራቱ ከመንግሥቱ ጋር ፈረሱ፤ ዘሩን ግን ገበሬው ወደ ገዛ ማሳው ወሰደው። ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት ሌላው ሰብል ይበሰብሳል፤ ሩዝ ግን ውኃ ውስጥ ይቆማል። ገበሬው እግሩ ጭቃ ውስጥ ሰጥሞ፣ ጎንበስ እንዳለ በእጁ ያርመዋል። አጭዶ ሲያነሣ በቀረው እርጥበት ጓያ ወይም ሽምብራ ይዘራበታል፤ ገለባው ለፎገራ ላም፣ ፍሬው ከጤፍ ጋር ተፈጭቶ ለእንጀራ። ዛሬ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ወረታ ላይ ነው። መሣሪያውም ሩዙም የአንድ ወዳጅ እርዳታ ናቸው። መሣሪያው በገበሬው ስም መጥቶ በሌላ ሰው እጅ ቀረ፤ ሩዙን ግን ገበሬው ራሱ መዘነው፣ ፈተነው፣ ተቀበለው። በጦርነት ጊዜ የሲቪሉ ጽናት የሚባለው ነገር ከዚህ የተለየ አይመስለኝም፤ የሚበላው፣ የሚዘራውና የሚያዝዝበት ነገር ያለው ሰው መከራን ይችላል።

ተረቱን አብዝቼ እንዳላሞግሰው ኢጣሊያ የወረረችበት 1928 ዓ.ም. አለ። ኢትዮጵያውያን ያኔ ባለቤትነታቸውን አልዘነጉም፤ አድዋም ከልባቸው አልጠፋም። የጎደላቸው አጥር ነበር። የመንግሥታቱ ማኅበር አባሎች የመሣሪያ ሽያጭ ሲያግዱ እገዳው የጎዳው የራሱ ፋብሪካ የሌለውን ወገን እንጂ ኢጣሊያን አልነበረም። በሰናፍጭ ጋዝ ፊት ደግሞ መከበር ብቻውን ጋሻ አይሆንም። «ሕዝብ ከጸና መሣሪያ ትርፍ ነው» የሚል ሰው እዚህ ላይ ይረታል፤ እርዳታ መጠየቅም ውርደት አይደለም። ሆኖም እንግሊዝ በ1933 ዓ.ም. ስትመጣ ያገኘችው ባዶ ቤት አልነበረም። በጎንደር እነ አሞራው ውብነህ፣ በጎጃም እነ በላይ ዘለቀ ጠላትን በየምሽጉ አጥረው ይዘውት ነበር። ያን አርበኛ አምስት ዓመት የመገበው የገበሬው ቤት ነው። የውጭው ጦር አነስተኛ ሆኖ ጎጃምን አቋርጦ ማለፍ የቻለውም፣ ጎንደር ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነጻ የወጣችውም በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

የቅርቡ የሰሜን ጦርነት ተረቱን ከሁሉም ይበልጥ ያስጨንቀዋል። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ውጊያው ቻይናውያን በሠሩት የወልዲያ–ወረታ መንገድ ደብረ ታቦር አፋፍ ደርሶ ነበር። መንገዱ ወረታ ላይ ከባሕር ዳርና ከጎንደሩ አውራ ጎዳና ጋር ስለሚገጥም የከተማዋ ሰው ምን ሊመጣበት እንደሚችል ያውቅ ነበር። በአማራ ክልል በየሰፈሩ በሶ ተበጠበጠ፣ ቆሎ ተቆላ፣ ድርቆሽ ተሰናዳ፤ ከውጭ የተገዛው ድሮን በሰማይ፣ የእናቶች ስንቅ በምድር አንድ ላይ ዘመቱ። ሁለት ዓመት ሳይቆይ፣ በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ፣ በዚያው ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ድሮኑም ስንቅ ባሰናዳው ሕዝብ ሰማይ ላይ ያንዣብብ ጀመር። አገር በታጠቀ ኃይል ፊት እጇን አጣጥፋ አትቀመጥም የሚለውን የመንግሥት መከራከሪያ አውቀዋለሁ፤ መንግሥት ሥርዓት የማስከበር ግዴታ አለበት። ተረቱ ግን የታሰበው ባለቤቱ አንድ፣ ነቅናቂውም ከውጭ ለሆነበት ግቢ ነው። ወንድማማች በተጣላበት ግቢ ውስጥ አጥር የሚሰጥ የሩቅ ወዳጅ ለማን እንደሰጠ ተረቱ አይነግረንም። እስከ ዛሬ በየዋና ከተማው የተፈረሙት የመሣሪያ ስምምነቶችም መንገድ በተዘጋ ቁጥር ሩዙ ቤቱ የሚከማችበትን የፎገራ ገበሬ አንድ ጊዜም አልጠየቁትም።